እትዬ አስካለ አድማሳቸውን ሲያሰፉ

«አድማስህን አስፋ» እያሉ የሚመክሩ ሰዎችን ልብ ብላችሁ ካያችኋቸው አንድ የሚያመሳስላቸው ነገር አለ። ቤታቸው ውስጥ ቢያንስ ሁለት ቴሌቪዥን አለ። አንድ ቴሌቪዥን ብቻ ባለበት ቤት፣ ያውም አማት በሚኖሩበት ቤት፣ አድማስ የሚሰፋው በሪሞቱ ባለቤት መልካም ፈቃድ ነው።

ይህን ከመጽሐፍ አላነበብኩትም። ልደታ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ከባለቤቴ ከሰናይትና ከእናቷ ከእትዬ አስካለ ጋር ስኖር በገዛ ራሴ ላይ ደርሶ ነው ያወቅኩት።

ነገሩ የጀመረው መሥሪያ ቤታችን አንድ አነቃቂ ተናጋሪ ጋብዞ ሁላችንንም አዳራሽ ሰብስቦ ያነቃን ዕለት ነው። ከምሳ በኋላ ስለነበር ማንቃቱ ቀላል ሥራ አልነበረም። ሰውየው ጠበብ ያለ ሱሪውን ለብሶ መድረኩ ላይ እየተንጎራደደ «ትናንት ያየኸውን ዛሬም ካየህ፣ ነገም ትናንት ነህ» አለን። አጨበጨብን። ምን ማለቱ እንደሆነ አጠገቤ የተቀመጠውን ብጠይቀው እሱም እያጨበጨበ «እኔ ምን አውቃለሁ» አለኝ። ቀጥሎ የቤት ሥራ ተሰጠን። አይታችሁት የማታውቁትን ፊልም፣ ረግጣችሁት ከማታውቁት አገር አምጥታችሁ እዩ፤ ሕይወታችሁ ይለወጣል።

እናንተ ብትሆኑ ምክሩን እዚያው አዳራሹ በር ላይ ጥላችሁት ትወጡ ነበር። እኔ ግን ተክለ ሃይማኖት የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ ሳለሁ እንኳ ከፊቴና ከኋላዬ የተሰለፈውን ሕዝብ በሐዘኔታ እመለከተው ጀመር። አድማሱ ያልሰፋ ሕዝብ…

አሁን ስለ ቤታችን ቴሌቪዥን ልንገራችሁ። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ፣ ማታ ማታ፣ የናርሚን ነው። ናርሚን ማለት ወደ አማርኛ ተተርጉሞ በሚተላለፍ አንድ የባሕር ማዶ ተከታታይ ድራማ ላይ ያለች ልጅ ነች። መኪና ገጭቷት ማን እንደሆነች ረስታለች። ባሏ ካሪም ፊቷ ቆሞ እያለቀሰ «ባልሽ እኮ ነኝ» ይላታል። እሷ ደግሞ «ይቅርታ፣ የት ነው የምንተዋወቀው?» ትለዋለች። ይህችን አንዲት ጥያቄ እየጠየቀችው ክረምቱ ገብቶ ወጣ። በመካከላቸው የካሪም አክስት አለች፤ ናርሚን ልታስታውስ ትንሽ ሲቀራት ሻይ ይዛ ትገባለች። ሻዩ ውስጥ ምን እንዳለ እትዬ አስካለ ያውቃሉ።

እትዬ አስካለ ልደታ ተወልደው ልደታ ያረጁ፣ የሴቶች እድር ሰብሳቢ ናቸው። የእድሩ ድንኳን የት እንዳለ፣ ማን ለቅሶ ደርሶ ማን እንደቀረ ከእሳቸው የሚያልፍ የለም። ግቢው በሙሉ ያከብራቸዋል። ድራማው ሲጀምር ግን ሰው ሞተ ብትሏቸው እንኳ «ማስታወቂያ እስኪገባ ጠብቁኝ» የሚሉ ይመስለኛል። እኔ በዚያ ሰዓት ጥግ ይዤ ጋዜጣ አነባለሁ። የተማረ ሰው መቼም እንዲህ ያለ ነገር አያይም።

ያን ዕለት ታዲያ ጋዜጣዬን አጥፌ ተነሣሁ።

«እትዬ፣ ዓለም ሰፊ ናት» አልኳቸው።

«ማን ጠበበች አለህ?» አሉኝ፣ ዓይናቸውን ከናርሚን ሳይነቅሉ።

«አይተን የማናውቀውን ፊልም ብናይ ማለቴ ነው። አድማሳችን ይሰፋል።»

«እኔ ደህና ነኝ ጌታሁን ልጄ። አንተን የሚሰማህ ነገር ካለ ጤና ጣቢያ ሂድ።»

ሰናይት ነገሩ እንዳይከር ብላ ዳኛ ሆነች። ፍርዷም እንዲህ ሆነ። ቅዳሜ ማታ አንድ ፊልም ይታያል። እትዬ አስካለ ከወደዱት ከዚያ ወዲያ ቅዳሜ ማታ ሁሉ ለዓለም ፊልም ይለቀቃል። ካልወደዱት ግን እኔ ሪሞቱን ሁለተኛ በእጄ አልነካም።

«ኳስ ሲኖርስ?» ብዬ ጠየቅኩ።

«የዓለም ዋንጫም ቢሆን» አሉ እትዬ አስካለ።

ግን የአድማስ ነገር ሆኖብኝ ተስማማሁ።

ፊልሙን ያገኘሁት ፕላን ክፍል ከሚሠራው ባልደረባዬ ከሰይፉ ነው። ሰይፉ ፊልም አዋቂ ነው ይባላል፤ ሰው የወደደውን ፊልም እሱ ወድዶ አያውቅም። በፍላሽ ገልብጦ ሲሰጠኝ «ይሄ ፊልም ታሪክ የለውም፤ ውበቱም እሱ ነው» አለኝ። «ቀድመህ ግን እንዳታየው» ብሎ አስጠነቀቀኝ። ተናጋሪውም ያለን ይህንኑ ስለነበር ታዘዝኩ። ስህተቱ ይታያችኋል? አይታችሁት የማታውቁት ፊልም ማለት ቀጥሎ ምን እንደሚመጣ የማታውቁት ፊልም ማለት ነው። ያውም አማታችሁ አጠገብ ተቀምጣችሁ።

ቅዳሜ ደረሰና ፊልሙ ጀመረ። በረዶ። ቀጥሎም በረዶ። ቆይቶ ቆይቶ ከበረዶው መካከል አንድ የእንጨት ቤት ታየ፤ ቤቱ ውስጥ አንድ ሽማግሌ ሾርባ ይጠጣል። ጠጣ። ጠጥቶ ሲጨርስ ማንኪያውን አጠበ።

«ብቻውን ነው እንዴ ሰውየው?» አሉ እትዬ አስካለ።

«ብቻውን ነው።»

«ልጅ የለውም?»

«ገና አልተነገረንም።»

«ጎረቤትስ?»

«በረዶ ነው ያለው እትዬ።»

ከንፈራቸውን መጠጡና የግድግዳውን ሰዓት ቀና ብለው አዩ። በሌላው ጣቢያ ናርሚን የምትጀምርበት ሰዓት ነበር። ሪሞቱን ጠበቅ አድርጌ ያዝኩ።

ሪሞቱን ለምን እንደያዝኩ መቼም አትጠይቁኝም። የፈረንጅ ፊልም ከወላጆቹ ጋር ቁጭ ብሎ ያየ አበሻ ሁሉ ያውቀዋል። ሁለት ሰዎች ሲቀራረቡና ሙዚቃው ቀስ ሲል ቤቱ ውስጥ ያለውን ሰው ሁሉ አንድ ላይ ሳል ይይዘዋል። አንዱ ውሃ ሊጠጣ ይነሣል፣ አንዷ ስልኳን ታያለች፣ አባት የጣራውን ቀለም ይመረምራሉ። አማት ፊት ሲሆን ደግሞ አስቡት።

በሩ ተንኳኳ። የፊልሙ በር ማለቴ ነው። አንዲት ጠና ያለች ሴት ገባችና ኮቷን አወለቀች። ሽማግሌው ወንበሩ ላይ ተደላድሎ አንገቱን ወደ ኋላ አዘነበለ። ሴትዮዋ ቀረበችው። አገጩን በእጇ ያዘች። ፊቷን ወደ ፊቱ አስጠግታ…

ጣቴ እኔን ሳያማክር ሪሞቱ ላይ ወረደ። ወደፊት የሚያስሮጠውን ቁልፍ በድንጋጤ ተጭኜ ስላልለቀቅኩት ፊልሙ ሮጠ፣ ሮጠ… በስንት መከራ ሲቆም ሽማግሌው ያው ወንበሩ ላይ ነው፤ አንገቱም እንዳዘነበለ ነው፤ ግን ሞቷል። ሴትዮዋ የለችም።



«ገደለችው» አሉ እትዬ አስካለ።

«ኧረ እትዬ፣ እሷ እንኳ…»

«ስትገባ ደህና ነበር። አንገቱን ስትይዘው በዓይኔ አይቻለሁ። ወጣች፤ ሰውየው ሞተ። ሌላ ምን ትፈልጋለህ?»

ምን ልበላቸው? ዘልዬው ነው እንዳልል፣ ለምን ዘለልከው ልባል ነው። እትዬ አስካለ ወደ ሶፋው ጫፍ ተጠግተው ተቀመጡ። ታሪክ የለውም የተባለው ፊልም በአንድ ጊዜ የግድያ ምርመራ ሆነ። ሴትዮዋ መንገድ ላይ ስትሄድ «አረማመዷን እያት» ይላሉ። ዳቦ ስትገዛ «ደግሞ መብላት አማራት» ይላሉ። መስኮት ዳር ቆማ ዝም ብላ ውጭ ውጭውን ስታይ፣ ሰይፉ «የብቸኝነት ጥልቀት» ብሎ የነገረኝ ቦታ መሆኑ ነው፣ «ፖሊስ ይመጣብኛል ብላ ነው» አሉ። እኔን ከጠየቃችሁኝ የእሳቸው ይሻላል።

ቀብሩ ላይ ሴትዮዋ ብቻዋን ቆማ ስትንሰቀሰቅ ግን ነገሩ አልጥም አላቸው።

«የገደለ ሰው እንዲህ አያለቅስም። ያለፈን ነገር አለ። መልሰው።»

«እትዬ፣ ፍላሽ እኮ ወደ ኋላ ሲመለስ…»

«መልሰው አልኩህ።»

ሰናይት ሪሞቱን ከእጄ ነጥቃ መለሰችው። ሴትዮዋ ገባች። ኮቷን አወለቀች። አገጩን ያዘች። ፊቷን ወደ ፊቱ አስጠጋች። ከዚያም ከኪሷ ትንሽ ብልቃጥ አውጥታ ዓይኑ ውስጥ የዓይን መድኃኒት ጠብ አደረገችለት። አንድ በቀኝ፣ አንድ በግራ። እግሩ ላይ ብርድ ልብስ ጣል አድርጋ አንድ ነገር ተናገረች፤ ከሥር የተጻፈውን እንግሊዝኛ አንብቤ «ነገ መጥቼ አይሃለሁ አለችው» ብዬ ተረጎምኩ። ወጣች። ሽማግሌው መድኃኒቱ እስኪሠራ ዓይኑን ጨፍኖ ሲጠብቅ በዚያው አሸለበ።

እትዬ አስካለ ቀስ ብለው ወደ እኔ ዞሩ።

«አንተ ምን መስሎህ ነው ያስሮጥከው?»

ጋዜጣዬን ፈልጌ አነሣሁ። እናንተም ብትሆኑ ታነሡ ነበር።

«የዓይን መድኃኒት ስታደርግለት?»

«እኔ እኮ ለእርስዎ ክብር ብዬ…»

«የእኔን ክብር ተወው። ምስኪኗን ሴት ነፍሰ ገዳይ አሰኘኸኝ።»

ሰናይት ሳቋ አላስቀምጥ ብሏት ወደ ጓዳ ሄደች። እኔ መሬቱ ተሰንጥቆ ቢውጠኝ ደስ ባለኝ፤ ግን አራተኛ ፎቅ ላይ ምን መሬት አለ?

ቀብሩን ደግመን አየነው። ጉድጓድ፣ በረዶ፣ አንድ ቄስና ያቺ ሴት። ሌላ ሰው የለም። እትዬ አስካለ ለቅሶ ቤት እንደገባ ሰው ነጠላቸውን አዘቅዝቀው እንባቸውን ጠረጉ።

«ለአንድ ሬሳ ሁለት ሰው?» አሉ። «ድንኳን የለ፣ ንፍሮ የለ። እድር የላቸውም እንዴ እነዚህ ሰዎች?»

«የላቸውም መሰለኝ።»

«መሰለኝ ምንድን ነው? የሰው አገር ሬሳ ቤቴ ድረስ ስታመጣ አጣርተህ አታመጣም?»

የዚያን አገር መንግሥት ወክዬ ይቅርታ ጠየቅኩ።

ሰናይት ተመልሳ ወደ ፍርዱ ገባች። «እሺ እማዬ፣ ወደድሽው አልወደድሽውም?»

የዓለም ዋንጫው ዓይኔ ላይ ሄደ። እትዬ አስካለ ነጠላቸውን ወደ ቦታው መለሱ። «ለቅሶ ይወደዳል እንዴ?» አሉ በመጨረሻ። «ግን አንዴ ካዩት መቅረትም ነውር ነው። ለሚመጣው ቅዳሜ የሌላ አገር አምጣ።»

አሸነፍኩ። እንዲህ ያለ ማሸነፍ ጠላቴም አይድረሰው።

በማግስቱ ከልደታ ማርያም መልስ የእድሩ ሴቶች ስብሰባ ነበራቸው። እትዬ አስካለ ፊልሙን ከነሾርባው ተረኩላቸው። በሚቀጥለው ቅዳሜ ሴቶቹ እያንዳንዳቸው የላስቲክ ወንበር ተሸክመው ደረጃውን ሲወጡ አየሁ። ሶፋዬ ላይ ለእኔ የሚሆን ቦታ አልተረፈም። ከሰይፉ ለሚመጣው ፊልም የወጣው መስፈርት አንድ ብቻ ነው፤ ሰው መሞት አለበት። ሰይፉ «በመጨረሻ ፊልም የሚገባው ተመልካች ተገኘ» ብሎ በደስታ ሊያለቅስ ደረሰ። እነሆ ዓለምን በቀብር በቀብሯ እየዞሯት ነው። ለቀስተኛው እየተነሣ ስለ ሟች የሚቀልድበትን አገር ሲያዩ «ሬሳ ፊት?» ተብሎ አገሩ በሙሉ ተወገዘ። ሁሉም እኩል ጎንበስ ብሎ ዝም የሚልበት አገር ደግሞ ተመሰገነ፤ እዚህ ለቅሶ ቤት ተቀምጠው የቤት ኪራይ የሚያወሩ ሰዎች በስም እየተጠሩ ተወቀሱ። እትዬ አስካለ አሁን ታክሲ ውስጥ ሳይቀር «የዳይሬክተሩ እይታ» ይላሉ።

የእኔ ነገር ግን… ይህን የምነግራችሁ ለማንም እንዳትነግሩ ነው። ያን ሁሉ ወራት ጋዜጣ ሳነብ አልነበረም። ናርሚንን እያየሁ ነበር። የዚያች ልጅ ነገር አንጀቴን ይበላኛል። ድራማው ደግሞ ዋናውን ነገር ሁልጊዜ ለቅዳሜ ነው የሚያቆየው። ድጋሚውን እይ ትሉኝ ይሆናል፤ ድጋሚው በሥራ ሰዓት ነው። በስልክህ እይ ትሉኝ ይሆናል፤ ሞክሬዋለሁ፤ ናርሚን አፏን ልትከፍት ስትል ኢንተርኔቱ ይቆማል። ጣቢያውን ቀይሩልኝ እንዳልል፣ ስለ አድማስ ያን ሁሉ ንግግር ያደረግኩት እኔ ነኝ።

ባለፈው ቅዳሜ አላስችል አለኝ። ሴቶቹ ወንበራቸውን ሲደረድሩ «ትንሽ ነፋስ ልቀበል» ብዬ ወጣሁና ሁለተኛ ፎቅ አቶ ዘለቀ በር ላይ ቆምኩ። ባለቤታቸው እኛ ቤት ሶፋ ላይ ናቸው። አቶ ዘለቀ በግቢው ሰው የመኪና አቋቋም እንኳ የሚቆጡ፣ ፈገግታ የማያውቃቸው ጡረተኛ ናቸው። ሳንኳኳ በሩን ገርበብ አድርገው አዩኝና ምንም ሳይጠይቁ «ግባ፣ ቶሎ በል፣ ጀምሯል» አሉኝ። ውስጥ የሌሎቹ ሴቶች ባሎች መብራት አጥፍተው ተደርድረዋል። ማንም ማንንም ሰላም አላለም። በዚያው ማታ ናርሚን ካሪምን በስሙ ጠራችው። አቶ ዘለቀ መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጫፍ ሲጠርጉ ቆዩ። እኔ መነጽር ስለሌለኝ ዝም ብዬ አለቀስኩ።

ፊቴን ታጥቤ ወደ ላይ ስወጣ እትዬ አስካለ ኮሪደሩ ላይ ብቻቸውን ቆመዋል። ከቤታችን ውስጥ የማላውቀው አገር ለቅሶ ይሰማል። ዓይኔን ትክ ብለው አዩትና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«አስታወሰችው?»

«ማንን እትዬ?»

«አትቀባጥር። ከዘለቀ ቤት ነው የምትመጣው። አስታወሰችው ወይ?»

«አስታወሰችው። በስሙ ጠራችው።»

እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ። «ተመስገን። እሱስ ምን አላት?»

«ምንም አላለም። አቅፏት አለቀሰ።»

ከውስጥ አንዷ ሴት «እትዬ አስካለ፣ የት ገቡ? ሬሳው ሊወጣ ነው» ብላ ተጣራች።

«መጣሁ» አሉ እትዬ አስካለ ጮክ ብለው፣ «ለጌታሁን የፊልሙን ጥልቅ መልእክት እያስረዳሁት ነው።» ከዚያም ክርኔን ይዘው ወደ ደረጃው ሳብ አደረጉኝ።

«በል ቀጥል። ሲያቅፋት ምን ለብሳ ነበር?»