የዘጠኝ ሰዓቱ ማሽን

(ጎንደር፣ ቀሐ አካባቢ፤ ጠዋት ሦስት ሰዓት ያለፈ። ኢዮስያስ ላፕቶፑን ከፍቷል። ጥግ ላይ የቤተሰቡ ቪዲዮ የሚከማችበት ማሽን ያጓራል። ለሕክምና ከሳንጃ መጥተው እዚሁ ክፍል የሚያድሩት አጎቱ አያ ቢያዝን ሶኬቱ አጠገብ ቆመዋል።)

ኢዮስያስ፦ አያ ቢያዝን፣ ዳግመኛ ይህን ሶኬት እንዳይነቅሉ!

አያ ቢያዝን፦ ምነው? ጠዋት ጠዋት ሲጮህ አሳዝኖኝ እኮ ነው። ትንሽ ይረፍ ብዬ።

ኢዮስያስ፦ ማሽን አይደክመውም!

አያ ቢያዝን፦ ታዲያ አሁን ምን ሆኖ ያጓራል?

ኢዮስያስ፦ (በረጅሙ ተንፍሶ) ይስሙኝ። ይህች ትንሿ ዲስክ ፈጣን ናት፤ የመጣውን ሁሉ መጀመሪያ እሷ ትቀበላለች። እነዚያ ትልልቆቹ ዘገምተኞች ናቸው። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት፣ ሰው ሲተኛ፣ ከእሷ ወደ እነሱ ይዛወራል።

አያ ቢያዝን፦ ሸጋ። ሰሊጡን በራፍ ላይ አራግፈን ኋላ መጋዘን እንደምናስገባው።

ኢዮስያስ፦ በትክክል! አሁን በራፉ ስለሞላ ጠርጌ ላጸዳው ነው።

አያ ቢያዝን፦ ሰሊጡ ሳይገባ?

ኢዮስያስ፦ በየሌሊቱ ይገባል አልኩዎት እኮ!

አያ ቢያዝን፦ ከገባ በራፉ ምነው ሞላ?

ኢዮስያስ፦ አያ፣ ይህ የኮምፒውተር ነገር ነው!

አያ ቢያዝን፦ የልጄ የይርገዱ የሠርግ ቪዲዮስ?

ኢዮስያስ፦ ትልልቆቹ ላይ ተኝቷል።

አያ ቢያዝን፦ እኔ ግን ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ለጸሎት ስነሳ ማሽንህ ዝም ነው። ጩኸቱን የሚያቀልጠው ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ነው።

ኢዮስያስ፦ በገዛ እጄ ዘጠኝ ሰዓት ብዬ የሞላሁትን ሊነግሩኝ ነው? (ላፕቶፑን እያየ) ደግሞ «እርግጠኛ ነህ?» ይለኛል።

አያ ቢያዝን፦ እሱም ተጠራጥሮሃል።

ኢዮስያስ፦ አዎ፣ እርግጠኛ ነኝ! (ይጫናል። ማሽኑ ጸጥ ብሏል።) አዩ፣ አለቀ። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ይሉኛል... (ይደርቃል) ሦስት ሰዓት?

አያ ቢያዝን፦ አዎ፣ ሦስት።

ኢዮስያስ፦ ወይኔ! ማሽኑ የሚያውቀው የፈረንጅ ሰዓት ነው! የእሱ ዘጠኝ የእኛ ጠዋት ሦስት ነው! ማዛወር በጀመረ ቁጥር እርስዎ ሲነቅሉት ነበር!

አያ ቢያዝን፦ ሌሊት ነው የሚሠራው የምትል አንተ። ቀን ሲጮህ በከንቱ የሚለፋ መስሎኝ አዘንሁለት።

ኢዮስያስ፦ ሠርጉ ትንሿ ላይ ብቻ ነበር፤ አጠፋሁት! አያ፣ ማጥፋቱን ሳይጨርስ ይንቀሉት! ቶሎ ይንቀሉት!

አያ ቢያዝን፦ (ሶኬቱን ከጀርባቸው አውጥተው) ገና «እርግጠኛ ነህ?» ሲልህ ነቅዬዋለሁ። እኔ እርግጠኛ አልነበርሁማ።