ሰላምታ የማይቆጥረው ሰዓት

ሰዓት ሳያስሩ፣ አንድ ሁለት እያሉ ደቂቃ የሚቆጥሩ ሰው ገጥመዋችሁ ያውቃሉ? ጎረቤቴ ጋሼ ይማም እንዲያ ነበሩ። በደርግ ጊዜ ነው፤ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ለመቀጠር ልፈተን ስሄድ አብረውኝ ተሳፈሩ። ሾፌሩ ደሴ ፒያሳ ላይ «አስር ደቂቃ!» ብሎ ወረደ። እስክሪብቶ ልገዛ ስወርድ ጋሼ እየቆጠሩ ተከተሉኝ። ችግሩ፣ ሰው ሰላም ባላቸው ቁጥር ቆጠራው ይቆማል። የወሎ ሰላምታ ደግሞ ከብቱንም አዝመራውንም ሳይጠይቅ ያበቃል?

«ጋሼ፣ አውቶቡሱ አመለጠን እኮ!»

«ወላሂ ገና ስድስተኛው ላይ ነን። ሰላምታ ከዕድሜ አይቆጠርም፣ ልጄ።»

እንባዬ እየመጣ ሮጥኩ። አውቶቡሱ ቆሟል! ሾፌሩ የአማቹን እጅ እንደጨበጠ፣ «ምን ያስሮጥሻል፣ እቴ? ገና አምስተኛው ላይ ነኝ» አለኝ።

አልሐምዱሊላህ! ፈተናውም ላይ ደረስኩ፤ ፈታኙ ገና ሰላምታ ላይ ነበር።