የእማማ ጓዝና የፍሪሲዮኑ አየር

(እሑድ፣ የአናጢው ግቢ። በአሮጌው ፒክአፕ ላይ የአናጢው አማት ቁም ሳጥንና ፍራሽ ተጭኗል። ፍሪሲዮኑ አልይዝ ብሎ ማርሽ ስለማይገባ አናጢው መኪናው ሥር ካርቶን አንጥፎ ተንጋሏል። የሚስቱ ወንድም ልብስ ሰፊው መሪው ዘንድ ተቀምጧል።)

አናጢው፦ ልቀቅ ሳልልህ ለምን ትለቃለህ?

ሰፊው፦ እኔ አልለቀቅኩም ጋሼ። እግሬ ነው የተነሣው።

አናጢው፦ እግሩ የማን ነው?

ሰፊው፦ የኔ ነው፤ ግን ዕድሜውን የስፌት መኪና ሲረግጥ የኖረ ነው። ወርዶ መቆየት አልለመደም።

አናጢው፦ (ትዕግሥቱ እንዲሰማለት እየተነፈሰ) ስማኝ። ፍሪሲዮኑ የሚሠራበት የፍሬን ዘይት ቱቦ ውስጥ አየር ገብቷል። አንተ ፔዳሉን ረግጠህ ትይዛለህ፤ እኔ ብሎኑን ከፍቼ አየሩን አስወጣና እዘጋለሁ። ከዘጋሁ በኋላ ትለቃለህ። ቀድመህ ከለቀቅህ አየሩ ተመልሶ ይገባል። ሕፃን እንኳ ይገባዋል።

ሰፊው፦ እኔም ገብቶኛል። ያልገባው እግሬ ነው።

አናጢው፦ ርገጥ።

ሰፊው፦ ረገጥኩ።

አናጢው፦ ያዝ... ያዝ... (አረፋ የቀላቀለ ዘይት አገጩ ላይ ይንጠባጠብና ወዲያው ሽቅብ ይሳባል) አሁንም ለቀቅህ።

ሰፊው፦ ስፌቱ ጠርዝ የደረሰ መስሎት ይሆናል።

አናጢው፦ አንተ ሰውዬ፣ ነገ መንገደኛ ነህ። እናትህን ዛሬ ካልወሰድክ ቤትህ ወሩን ሙሉ ዝግ ነው። እኔ ደግሞ ከዚህ በላይ አልችልም። ትናንት የመዶሻ አያያዜን አርመውኛል፤ ያውም ደንበኛ ፊት።

ሰፊው፦ አምና እኔ ጋ ሳሉ መርፌ ላይ ክር አስገባቤን ያርሙ ነበር።

አናጢው፦ ዘንድሮም ያርሙልህ። ና ውረድ፣ ቦታ እንለዋወጥ።

ሰፊው፦ እኔ ብሎኑን ልክፈት? ጋሼ፣ እሱ እኮ እጅ ይጠይቃል። ፔዳልማ የትኛውም ደደብ ይረግጣል።

አናጢው፦ (ደስታውን ለመደበቅ እየሳለ) እሱስ ልክ ነህ። በል ዘይቱን ጨምርና ርገጥ።

(ሰፊው ወርዶ ከጠርሙሱ ይጨምራል፤ ተመልሶ ይረግጣል። ዘይት ይፈሳል፤ አየር ይገባል። አናጢው ይሳደባል፤ እንደገና ያስረዳል። ሰፊው በአክብሮት ያዳምጣል፤ ይጨምራል፤ ይረግጣል፤ ይለቃል።)

አናጢው፦ ጨምር።

ሰፊው፦ ምኑን?

አናጢው፦ የፍሬን ዘይቱን ነዋ።

ሰፊው፦ አልቋል። የመጨረሻዋ ጠብታ ሸሚዝዎ ላይ ናት። ሱቁም እሑድ አይከፍትም።

(አናጢው እየተሳበ ወጥቶ ጎማው ሥር ይቀመጣል። አማቱ የቤቱ መስኮት ላይ ሆነው የመፍቻውን አያያዝ በራሳቸው እጅ ያሳዩታል።)

አናጢው፦ ወር ሙሉ። በእግርህ ጠንቅ ወር ሙሉ። ያንን የስፌት መኪናህን መርገጫ አንድ ቀን በመዶሻ አደቅቀዋለሁ።

ሰፊው፦ (የቁም ሳጥኑን ገመድ እየፈታ) የቱን መርገጫ ጋሼ?

አናጢው፦ እግርህን ያበላሸውን።

ሰፊው፦ እሱንማ ነቅለው ጥለው፣ በእግር ሳይሆን በጉልበቴ ጎን ገፋ ሳደርገው የሚዞር ሞተር የገጠሙልኝ እርስዎ ነዎት። ከዚያ ወዲህ እግሬ ሥራ ፈት ነው። (ፍራሹን ያቀብለዋል) ይያዙልኝ፤ ልቀቁ እስክልዎት እንዳይለቁ።