ሳይሰማ የሚመልስ ማሽን

ስለ መጪው ዘመን በሚተነብዩ የሳይንስ ልብ ወለድ ጸሐፊዎች እቀናለሁ። ትንቢታቸው ቢከሽፍ የሚጠይቃቸው የለም፤ ቢሰምር ደግሞ «ብለን ነበር» ይላሉ። ማሽኑ ይራቀቃል፣ ሰው ይረክሳል፤ የሁሉም መደምደሚያ ይኸው ነው። እኔም የከብት ሐኪም ሆኜ ጂንካ ከተመደብኩ ወዲህ፣ የእነሱን መጻሕፍት እያነበብኩ በሻይ ሰዓት ለባልደረቦቼ መተንበይ ሱስ ሆኖብኛል። መቼም ሻይ ቤት ተቀምጦ ነቢይ መሆን ከከብት በሽታ ጋር ከመታገል ይቀላል፤ እናንተስ ሞክራችሁት የለ?

ባለፈው በጋ አንድ ቀን ትንቢቴ ለጉድ ሞቀ። «ቆዩ ብቻ» አልኳቸው፤ «ሰውን ወክሎ ስልክ የሚያነሳ፣ ሳይሰማ ‹ደህና› እያለ የሚመልስ ማሽን ይመጣል። ያኔ ሰላምታ አለቀለት!» አፌን ሳልዘጋ ስልኬ ጮኸ። ከዲመካ ወዲያ የሚኖሩት የሐመር ሽማግሌ፣ ጋሽ ኦይታ ናቸው። ከብቶቻቸውን ለዓመታት አክሜያለሁ። የእሳቸውን ሰላምታ ለማታውቁ ልንገራችሁ፤ ጉዳይ አይቀድመውም። እናት፣ ልጆች፣ ሣሩ፣ ዝናቡ፣ ንቡ ሳይቀር በየተራ ይጠየቃል። የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርጌ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩትና ወደ ትንቢቴ ተመለስኩ። እሳቸው ትንፋሽ በወሰዱ ቁጥር አንዳንድ መልስ ጣል አደርጋለሁ።

«ልጆች ደህና?»

«ደህና፣ እግዜር ይመስገን።»

«እዚያ ዝናብ አለ?»

«እግዜር ይመስገን።»

«ዶክተር፣ ላም ሁለት ሞተብኝ። ሌላውም ወድቋል። ቶሎ ናልኝ።»

«እግዜር ይመስገን።»

ምን እንዳልኩ የገባኝ የባልደረቦቼን ፊት ሳይ ነው። ስልኩን አፈፍ ሳደርገው መስመሩ ተቋርጧል። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ! ለሐመር ሰው ከብት ምን ማለት እንደሆነ ለአዳዲስ ሠራተኞች የማስረዳው እኮ እኔ ነኝ። መልሼ ብደውል አልገባ አለኝ። መድኃኒቴን አንጠልጥዬ ያገኘሁት ሚኒባስ ላይ ወጣሁ።

ስደርስ የወደቀችውም ላም ሞታለች። የቀሩትን መርፌ ወግቼ ስጨርስ ጋሽ ኦይታ ዛፍ ጥላ ሥር አስቀመጡኝና ሰላምታውን ከእናቴ ጀመሩ። ይህን ጊዜ እያንዳንዱን ጥያቄ ሰምቼ መለስኩ። ሲጨርሱ ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ።

«አትዘን፣ ዶክተር። አንተ እንዲያ ያለ ቃል አትናገርም። ስልኩ ነው። ማሽን የሰው ቃል ያበላሻል።»

እውነቱ ጉሮሮዬ ድረስ መጥቶ ነበር። አፌ ግን ቀደመኝ።

«አዎ» አልኩ መሬት መሬት እያየሁ፣ «ኔትወርኩ ነው።»

ስልኬ ኪሴ ውስጥ ነበር። ምስኪን፣ የሽማግሌውንም የእኔንም ቃል አንዲት ሳያዛባ አድርሶ ነበር።