የቋሚው ባለጉዳይ ሹመት

ከአምቦ ወደ ጌዶ በሚወስደው መንገድ ዳር ካሉት ከተሞች በአንዷ፣ ስሟን ብንጠራ ሌሎቹ በቅናት በሚታመሙባት ከተማ፣ ኤሌክትሪክን ከብክነት የሚጠብቅ ሕንፃ ቆመ። ሕንፃው ማብሪያ ማጥፊያ የለውም፤ ማብሪያ ማጥፊያ የኋላ ቀርነት ምልክት ነውና። በየክፍሉ ጣሪያ ላይ የተሰካች አንዲት ነጭ ዓይን ሰው ሲንቀሳቀስ ካየች መብራት ታበራለች። የሚንቀሳቀስ ካጣች ጥቂት ደቂቃ ትታገሣለች፤ ከዚያ ታጠፋለች።

በምርቃቱ ቀን የግንባታ ፈቃድ ጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ አቶ ሰይፈዲን፣ "ከእንግዲህ በዚህ ሕንፃ አንዲት አምፖል ያለ ሥራ አትበራም!" ሲሉ ተናገሩ። ተጨበጨበ። ይህ ታላቅ ቃል በትልቅ ሸራ ታትሞ ከሕንፃው ግንባር ከላይ እስከ ታች ተዘረጋ። ሸራው መስኮቶቹን ሁሉ ሸፈነ። በዚህም የፀሐይ ብርሃን ራሱ ከብክነት ዳነ።

በማግስቱ ሠራተኞቹ በየወንበራቸው ተሰየሙ፤ ሥራም ተጀመረ። ወዲያው መብራቱ ጠፋ። ዓይኗ ክፍሉ ውስጥ ሰው የለም ብላ ደምድማለች። እጅ ተወዛወዘ፤ በራ። ደግሞ ጠፋ። ዕቃው ተበላሽቷል ተብሎ ከአዲስ አበባ ባለሙያ ተጠራ። ፈትሾ፣ "ዕቃው ጤነኛ ነው፤ የሚሠራ ሰው ካለ ያያል" ብሎ ሄደ። አስተያየቱ ከሙያው ውጭ ሆኖ ስለተገኘ በቃለ ጉባኤ አልተያዘም።

ኦቦ ቶኩማ የገቡት እንግዲህ ወደዚህ ጨለማ ነው። በጌዶ ዙሪያ ከብት ሲከትቡ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ በቤተ ክርስቲያናቸው ሽማግሌ የሆኑ፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ሰው ናቸው። ከቤታቸው ጓሮ ለተማሪ የሚያከራዩት ሁለት የጭቃ ክፍል አቁመዋል። ግድግዳው ደርቋል፤ ቆርቆሮው ተገዝቶ ተደርድሯል። የቀረው ጊዜው ያለፈበትን ፈቃድ ማሳደስ ብቻ ነው። ያለ ፈቃድ ጣሪያ የመታ ሰው ይፈርስበታል። ሰኔ ደግሞ ደጅ ላይ ቆሟል፤ ሰኔ ጣሪያ የሌለውን የጭቃ ግድግዳ ምን እንደሚያደርገው ለማወቅ ምህንድስና መማር አያስፈልግም።

"አካም ጅርቱ?" ብለው በሩን ገፋ ሲያደርጉ፣ ከብታቸው የተከተበላቸውም ያልተከተበላቸውም ሁሉ ከየወንበራቸው ብድግ አሉ።

"ኖር፣ ኦቦ ቶኩማ!"

"ኧረ በእግዜር! ታኣ፣ ታኣ! ቁጭ በሉ ልጆቼ!"

መብራቱ ቦግ አለ።

አቶ ሰይፈዲን ጣሪያውን አዩ፤ ሽማግሌውን አዩ። ዓለምን የለወጡ ግኝቶች እንዲህ ባለ ቅጽበት ነው የሚወለዱት።

"ጉዳይዎ ምን ነበር?"

"የፈቃድ እድሳት ነው።"

"በጣም ጥሩ! እስቲ ውጭ ይጠብቁና ትንሽ ቆየት ብለው ይግቡ።"

ወጡ፤ ገቡ። ኖር ተባለ፤ በራ። ደግሞ ወጡ። ማታ "ነገ ይመለሱ" ተባሉ፤ ነገም እንደ ትናንቱ ሆነ። ለወጣት ባለጉዳይ ማንም አይነሳም። ለባለሥልጣን ይነሳል፤ ባለሥልጣን ግን ከቢሮው አይወጣም። ስለዚህ ለኃይል ቁጠባው ፀጉሩ የሸበተ፣ የተከበረ፣ ጉዳዩም ያላለቀ ሰው ያስፈልግ ነበር።

የፈቃድ ባለሙያዋ አመለሸጋ ግን ይህ ረቂቅ ሐሳብ አልገባትም።

"የሽማግሌው ፋይል የጎደለው ነገር የለም። ልፈርምላቸው?"

"ከፈረምሽላቸው ነገ ማን ይመጣል?" አሉ አቶ ሰይፈዲን።

"ዝናቡ እኮ እየመጣ ነው!"

"ዝናብ የአየር ንብረት ጉዳይ ነው። እኛስ የምንታገለው ለአየር ንብረት አይደለም እንዴ?" ከዚያም ወደ ሽማግሌው ዞር ብለው አጽናኑ፤ "ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል፣ ኦቦ ቶኩማ።"

"ይሄዳል ልጄ፣ ካልረገጡት።"

ቤት ሲመለሱ ባለቤታቸው አዴ ጉዴ ቆርቆሮው አጠገብ ቆመው ይጠብቃሉ።

"ዛሬስ?"

"ዛሬማ አከበሩኝ። በገባሁ ቁጥር ብድግ ነው!"

"እንግዲያ ክብሩን አምጣና ግድግዳው ላይ ምታልኝ!"

ሳምንቱ ሳያልቅ የኦቦ ቶኩማ ጉልበት እምቢ አለ። የማኔጅመንት ኮሚቴው በአስቸኳይ ተሰበሰበ። ጡረተኛን መልሶ መቅጠር ሕግ ይከለክላል። ለባለጉዳይነት ግን የዕድሜ ገደብ የለም፤ እንዲያውም ብዙው ሰው የሚያረጀው በእሱ ላይ ነው። ስለዚህ ኦቦ ቶኩማ "ቋሚ ባለጉዳይ" ተብለው ተሾሙ። ባጅ በአንገታቸው ተንጠለጠለላቸው፤ የሻይ አበል ተቆረጠላቸው፤ በመግቢያና በመውጫ መካከል የሚያርፉበት ወንበርና ትንሽ ጠረጴዛ በሩ አጠገብ ተሰጣቸው። ሹመቱ አንድ ቅድመ ሁኔታ ብቻ ነበረው፤ ጉዳያቸው ማለቅ የለበትም። ያለቀለት ሰው ባለጉዳይ አይባልማ!

መጀመሪያ አፈሩ፤ ባጁን ኮታቸው ውስጥ ደበቁት። ቀጥሎ ከኮቱ በላይ አዋሉት። ቆይተው ከመግባታቸው በፊት ጉሮሯቸውን መጥረግ ጀመሩ፤ ለመነሳት የዘገየውንም በዓይናቸው ይመዘግቡ ገቡ። በሬ በቀንዱ፣ ሰው በአንደበቱ ይያዛል ይባላል። በአንገቱም የሚያዝ እንዳለ ያኔ ታወቀ።

አዲስ የሚመጣ ባለጉዳይ በሩ አጠገብ ጠረጴዛና ባጅ ሲያገኝ ወረቀቱን ለእሳቸው መዘርጋቱ አልቀረም። ኦቦ ቶኩማ ሥራውን ማንም አላስተማራቸውም። የሚባለውን ግን ከማንም በላይ ሲሰሙት ከርመዋል።

"ነገ ተመለስ" ይላሉ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

የመጀመሪያዎቹ ነጠብጣቦች መውረድ በጀመሩበት ቀን አቶ ሰይፈዲን ስለ ኃይል ቁጠባ ተሞክሮ ሊያካፍሉ ወንጪ ሄደው ነበር። በውክልና የተቀመጠችው አመለሸጋ ፋይሉን ደረቷ ላይ አቅፋ መጣች።

"ኦቦ፣ ፈርሜልዎታለሁ! እዚህ ጋ 'ተረክቤያለሁ' ብለው ይፈርሙና ይሩጡ። ዛሬውኑ ያስመቱት።"

"አለቀ ማለት ነው?"

"አለቀ!"

"ታዲያ ነገ እኔ…"

"ነገማ ቤትዎ ነዎታ!"

ኦቦ ቶኩማ ብዕሩን ተቀበሉ። ጠረጴዛው ፊት ሦስት ሰዎች ባርኔጣቸውን አውልቀው ቆመዋል። ሽማግሌው ሰዎቹን አዩ፤ ባጃቸውን ዳሰሱ፤ መነጽራቸውን አደረጉ።

"ልጄ፣ ይሄ ማህተም ደብዝዟል።"

"ኧረ ይነበባል፣ አባባ!"

"ሕግ ሕግ ነው። አስተካክለሽ በሚቀጥለው ሳምንት አምጪው።"

ዝናቡ ሌሊቱን ሙሉ ሳያባራ አደረ። ማታ ቋሚው ባለጉዳይ ለአዴ ጉዴ የመሥሪያ ቤት አሠራር በጥድፊያ እንደማይሆን አስረድተው ነበር፤ ጠዋትም ሰዓት አክባሪ ናቸውና ጓሮውን ሳያዩ ወጡ።

ረፋዱ ላይ በሩ ተበረገደ። አዴ ጉዴ ነጠላቸው ረጥቦ፣ እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ለብሰው ገቡ።

"ኖር፣ አዴ ጉዴ!" ሠራተኛው ሁሉ ብድግ አለ። ክፍሉ እንደዚያን ቀን በርቶ አያውቅም።

አዴ ጉዴ በእግዜር ለማለት እንኳ ጊዜ አልነበራቸውም። ቀጥ ብለው ወደ ጠረጴዛው ሄዱ።

"አንዱ ክፍል ተናደ! ሁለተኛው ገና ቆሟል። ይችን ወረቀት ፈርምና ሳይመሽ ቆርቆሮ እናልብሰው፣ በጌታ!"

አመለሸጋ ፋይሉን ይዛ ከኋላቸው ቆማለች። ሁሉም ቆሟል። የተቀመጠ አንድ ሰው ብቻ ነበር። እሱም ከመነጽሩ በላይ ቀና ብሎ ባለቤቱን በትዕግሥት ተመለከተና ጠየቀ፤

"ወረፋ ይዘሻል?"