ሰባት መቶ ሃምሳ ጎማ

(አዘዞ ሜዳ ዳር፣ ቅዳሜ ጧት። ጣሊያን ከወጣ አሥራ ሁለት ዓመቱ ነው። ክንዱ ሾፌር ነው፤ ሾፌርነቱንም ማንም ሳይጠይቀው ይናገራል። ጣሊያን ጥሎት የሄደውን ትንሽ ማኪና በክሪክ ሰቅሎ ጎማ ይቀይራል። ዛሬ ሜዳውን በማኪና ስድስት ጊዜ ዞሮ ቀድሞ የገባ ሾፌር፣ ነጋዴው አቶ ሐብተ ማርያም ያስመጡትን አዲስ አውቶቡስ ይነዳል። ክንዱ በሐሳቡ አውቶቡሱ ላይ ከወጣ ሳምንት አልፎታል። አጠገቡ ከዳባት ወርዶ ከአሮጌ ጎማ በረባሶ እየቆረጠ የሚሸጠው አያ ባዬ ቁጢጥ ብሏል። ጥያቄ አይሰለቸውም፤ ክንዱን ያቃጠለውም ይኸው ነው።)

ክንዱ፦ ነገርኩህ እኮ፤ ትንሽ ጎማ ለትንሽ ሰው ነው።

ባዬ፦ ማኪናዋ ግን ያችው ትንሿ ነች።

ክንዱ፦ ዝም ብለህ ስማ። ያወለቅሁት ጎማ ቁጥሩ ስድስት መቶ ነው። ይኼ ደግሞ ከጭነት ማኪና የመጣ ሰባት መቶ ሃምሳ። በስንት ይበልጣል?

ባዬ፦ በመቶ ሃምሳ።

ክንዱ፦ ጎሽ። እሱን እንኳ አላጣኸውም።

ባዬ፦ መቶ ሃምሳው ምን ያደርጋል?

ክንዱ፦ ያስቀድማል። ትልቅ ጎማ አንዴ ሲሾር ብዙ መሬት ይውጣል። አህያ ሦስቴ ስትራመድ በቅሎ አንዴ ናት።

ባዬ፦ አህያዋ ላይ የበቅሎ እግር ቢተከልላትስ?

ክንዱ፦ (ብሎን እያጠበቀ) ቸርኬው ላይ ልክክ ብሏል፤ አለቀ። እንዴት እንደሚሾር እይ። (በእጁ ያሾረዋል።)

ባዬ፦ ሸጋ ነው። ምነው መሪውን አታዞረውም?

ክንዱ፦ ለምን ብዬ?

ባዬ፦ እኛ በሬ ስንገዛ ቀጥ ብሎ ሲሄድ አናየውም። ቀጥ ብሎማ ሁሉም ይሄዳል። ጠምደን ከማሳው ዳር እናደርሰውና ሲዞር ነው የምናየው።

ክንዱ፦ ሰማችሁ? በሬ። (የሚሰማው የለም፤ እሱ ግን ሁልጊዜ ለጉባኤ ነው የሚያወራው።) አያ ባዬ፣ እኔ ሳይሄድ ከቀረ ጣሊያን መካኒክ ጋር ሦስት ዓመት በልቻለሁ።

ባዬ፦ ምን ትበሉ ነበር?

ክንዱ፦ ፓስታ።

ባዬ፦ ስለ መዞርስ ምን አለህ?

ክንዱ፦ «ቀስ በል» ነበር የሚለኝ። ፈሪ ነበር።

ባዬ፦ (ጎንበስ ብሎ) ይቺ ከጎማው በላይ ያለችው ቆርቆሮ...

ክንዱ፦ ፓራፋንጎ ትባላለች።

ባዬ፦ በእሷና በጎማው መሀል ጣቴ እንኳ በግድ ነው የገባች።

ክንዱ፦ ጣትህን ማን አስገባ አለህ? አህያ ማር አይጥማትም አሉ። ይልቅ ስድስት መቶዎቹን ውሰድና በረባሶ ቁረጥባቸው። ለእነሱ ብለህ አይደል ከንጋት ጀምረህ የተጎለትከው?

ባዬ፦ ሩጫው እስኪያልቅ ላቆያቸው?

ክንዱ፦ አሁኑኑ ቁረጥ። እኔ የምመለሰው በአውቶቡስ ነው።

ባዬ፦ አራቱንም?

ክንዱ፦ አራቱንም።

(አምስት ማኪና ተሰልፎ ተነሳ። ቀጥታው ላይ ክንዱ ሁሉንም ጥሏቸው ሄደ፤ እውነቱን ለመናገር አምሮበት ነበር። ለመዞሪያ ከቆሙት በርሜሎች የመጀመሪያው ጋ ደርሶ መሪውን ሲጠመዝዝ ጎማው ከፓራፋንጎው ጋር ተናከሰ፤ መሪውም እንቢ አለ። ሌሎቹ በርሜሉን ዞሩ። ክንዱ ሜዳውን ለቆ፣ የቆመውን ሰው ሰንጥቆ፣ ወደ ጠዳ መንደር ቀጥ ብሎ ነጎደ። ፍሬን የሚባል ነገር ትዝ ያለው መገጭ ወንዝ ዳር ረግረግ ውስጥ ከተቀረቀረ በኋላ ነው። ከሰዓት በኋላ በእግሩ ተመለሰ። አንድ ጫማውን ረግረጉ አስቀርቶበታል። አያ ባዬ እዚያው ቁጢጥ ብሎ ይቆርጣል።)

ክንዱ፦ ማን አሸነፈ?

ባዬ፦ አላምረው የሚሉት ሾፌር።

ክንዱ፦ በዚያች እንቁራሪት ማኪናው? ጎማዋ ስንት ቢሆን ነው?

ባዬ፦ ስድስት መቶ።

ክንዱ፦ አውቶቡሱስ?

ባዬ፦ ተሰጠው። አቶ ሐብተ ማርያም እጁን ጨብጠውት ሄዱ። ስለ አንተም ጠይቀው ነበር።

ክንዱ፦ (ቀረብ ብሎ) ምን አሉ?

ባዬ፦ «ያ ልጅ ጠዳ ምን ጉዳይ ነበረው?» አሉ።

ክንዱ፦ ሜዳው ጠቦ ነው እንጂ... ተወው። ስድስት መቶዎቼን መልስልኝ፤ ማኪናዋን ላውጣ።

ባዬ፦ ቁረጥ አልከኝ፤ ቆረጥኋቸው። አራቱንም።

(ክንዱ ከበረባሶው ክምር አጠገብ ዘጭ አለ። አውቶቡሱ ከእጁ ወጥቷል። አሁን ደግሞ የጎንደርን ፒያሳ በአንድ ጫማ ሲያቋርጥ፣ ሰዉም ከየሱቁ ብቅ እያለ ሲያየው ታየውና አፈረ።)

ክንዱ፦ አያ ባዬ... ለእግሬ የሚሆን ይጠፋል?

ባዬ፦ አይጠፋም።

ክንዱ፦ ትልቁን ስጠኝ።

ባዬ፦ እግርህን አምጣ። እኔ ሳልለካ አልሰጥም። (በሲባጎ ለካው፤ ጥንዱን መርጦ ዳር ዳሩን ከረከመ፤ ማሰሪያውን አበጀለት።) በል ተጫማ።

ክንዱ፦ (ተጫምቶ ይነሳል) እግዜር ይስጥልኝ።

ባዬ፦ ቆይ፣ ወዴት ነው?

ክንዱ፦ ወደ ጎንደር ነዋ። ምነው?

ባዬ፦ ቀጥ ብለህ አትሂድ። መጀመሪያ እዚሁ ዙርልኝ፤ ልይህ።