ፕሪንት ካልተደረገ አልደረሰም

እናንተዬ፣ ኢሜይል ፕሪንት ካልተደረገ አልደረሰም የሚል ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? የነገሌው ቢሯችን አለቃ ጋሽ ኤልያስ እንዲህ ናቸው። በድርቁ ሰሞን በዚያ ሳጥን በሚያክለው አሮጌ ኮምፒውተራችን ከአዲስ አበባ ኢሜይል መጣ፤ «የውሃ ቦቴ እንላክላችሁ? ዛሬውኑ መልሱልን» ይላል። ጋሽ ኤልያስ ፕሪንት አስደረጉት። ኅዳጉ ላይ «አዎ፣ በአስቸኳይ ይላክ» ብለው ጻፉ፣ ፈረሙ፣ ማኅተም መቱበትና ፋይል ውስጥ አስቀመጡት። ውሃ ይመጣል ብለውም ለሰፈሩ አስነገሩ።

በሳምንቱ ሌላ ኢሜይል መጣ፤ «ዝም ስላላችሁን ቦቴው ወደ ተልተሌ ወረዳ ሄዷል።»

ክው አልኩ። «ጋሼ፣ መልሱን አልላኩትም እንዴ?»

«ፈርሜበት የለም እንዴ?» አሉኝ ተቆጥተው።

ይኼኔ ባዶ ጀሪካን የያዙ እናት በሩ ላይ ቆመው፣ «ናጋ?» ብለው በኦሮምኛ ሰላም ካሉን በኋላ፣ «ውሃችን መጣ?» አሉ።

ጋሽ ኤልያስ ፋይሉን አቀበሉኝ፤ «ኮፒ አድርገህ ስጣቸው።»